ደጃዝማች ባህታ ሐጎስና የርስት ነገር

እኛ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። አባቶቻችን ያረሱት ቦታ ዛሬ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። ስለዚህ በመሬት ምክንያት ስለሞቱ አንድ ሰው ጥቂት እንጽፋለን።

ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ ዛሬ ኤርትራ በሚባለው አገር፣ የአካለ ጉዛይ ሰው ናቸው። አገራቸው ሰገነይቲ ነው። በጎልማሳነታቸው የአንድ ትልቅ መኰንን ልጅ ገድለው ሸፈቱ። በስደትም ሳሉ የካቶሊክ ሃይማኖት ተቀበሉ። ጣልያን ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጣ ረዱት፤ እሱም የአካለ ጉዛይ ገዥ አደረጋቸው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ጣልያንን ካስገቡት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው በመሬት ነው። ከ1880 ዓ.ም. በኋላ በመጣው ክፉ ቀን ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ ተሰደደ፣ እርሻው ጦም አደረ። ጣልያንም ጦም ያደረውን ሁሉ ባለቤት የለውም ብሎ የመንግሥት አደረገው። ባሮን ፍራንኬቲ የሚባል ሹም ከጣልያን አገር ገበሬ እያስመጣ ያሰፍር ጀመር። ከ1885 እስከ 1887 ዓ.ም. ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ተወሰደ። ከስደት የተመለሰው ባለርስት በገዛ መሬቱ እንግዳ ሆነ።

እንግዲህ ሕዝቡ ርስቱን ካጣ የገዥነት ስም ምን ይረባል? ደጃዝማች ባህታ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. 1,600 ያህል ሰው ይዘው ተነሱ። መቶ አለቃ ሳንጉዊኔቲን አሰሩ፣ የቴሌግራፉን ሽቦ ቆረጡ፣ ሕዝቡ ከጣልያን ቀንበር ነፃ መውጣቱን አወጁ። ሻለቃ ቶዜሊ ግን በመልእክት እያዘናጋ ጦር ሰበሰበ። እሳቸው የሐላይን ምሽግ ከበው ሲዋጉ ከኋላ ደረሰባቸው፤ እዚያው ወደቁ። ከተነሱ ሳምንት እንኳ አልሞላቸውም።

ወንድማቸው ስንጋል አምልጠው ትግራይ ራስ መንገሻ ዘንድ ገቡ። ጣልያንም ራስ መንገሻን ሊወጋ ተነሳ፤ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ቶዜሊ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ሞተ። የካቲት 23 ዓድዋ ሆነ። ከዓድዋ በኋላ ጣልያን ገበሬ የማስፈሩን ሥራ ገታ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። ሰው ቀድሞ ቢሳሳትም፣ ስህተቱን አውቆ ከወገኑ ጋር ከቆመ ስሙ ከመቃብር በላይ ይውላል። ነፍሳቸውን ይማር።