ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአራዳ ሜዳ እስከ አፍሪካ የኳስ ሸንጎ

የብራዚሉ ሳንቶስ ሲነሣ ፔሌ ሳይነሣ እንደማይቀር ሁሉ፣ የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲነሣም ይድነቃቸው ተሰማ አብረው ይነሣሉ። ታቦር ሥር ከክፍል መልስ ኳስ የምናባርር እኛ ሠልጣኞች ግን ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን እምብዛም አናውቅም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሳቸው ሰጥተናል።

ይድነቃቸው የተወለዱት በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ሆነው ኳስ ወደዱ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶቹ ሁሉን ነገር በቀለም ሲከፍሉ ኳሱም አልቀረለትም፤ ሀበሻው ለብቻው፣ ነጩም ለብቻው ይጫወት ተባለ። የክለቡ ስም ሳይቀር ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ሆነ። እስቲ አስቡት፣ በገዛ አገርህ ሜዳ ከማን ጋር እንደምትጫወት ባዕድ ሲወስንልህ! በእኛ አስተያየት የሰውየው የኋላ ትግል ሥሩ እዚህ ነው።

ከነፃነት በኋላ ጊዮርጊስ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ጋር በአንድ ሜዳ ይጋጠም ጀመር። ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ማልያውን አልቀየሩም፤ 23 ዓመት በአንድ ክለብ! በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገርላቸዋል። የስፖርት ሕጎችንም ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ መቼም ይህ ለኛ ለመምህራን ቀላል ውለታ አይደለም።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ታዲያ ለመጀመሪያው ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ካልላክሁ አለች። አይሆንም ተባለችና ውድድሩ በሦስት አገር ተካሄደ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ስታዲየም ጢም ብሏል። ለፍጻሜው የቀረቡት ግብፅና ኢትዮጵያ ናቸው፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ የኛዎቹ ሁለቴም ደረሱባት። ሁለተኛዋን ያስቆጠረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ያውም ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 ዋንጫው እዚሁ ቀረ።

የደቡብ አፍሪካው ነገር ግን አላበቃም። ፊፋ በ1954 አገዳት፤ በ1955 የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ራውስ ሄደው አይተው እገዳውን አስነሡላት። እንዴት ነው ነገሩ? ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄን ጃን ቢሮ ለቢሮ፣ ጉባኤ ለጉባኤ ተሟገቱ፤ በ1957 እገዳው ተመለሰ። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ አንዲት የራሷ ቦታ እንኳ ስለተነፈገች፣ አገሮቿ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከማጣሪያው ወጡ። ለቀጣዩ፣ ለ1962ቱ ዋንጫ ቦታዋ ተሰጣት።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1966 ብራዚላዊው ሃቬላንጅ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ በ1968 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጭራሽ ተባረረች። የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ ገንዘብንም ይድነቃቸው ለአፍሪካ ኳስ አልፈቀዱም፤ ካዝናው ሙሉ ሆኖ አልነበረም እንግዲህ!

በዕንቁጣጣሽ የተወለዱት ሰው በቡሄ፣ በደብረ ታቦር ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ፤ እስከዚያች ቀን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው አፓርታይድ ሲፈርስ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988ም የአፍሪካን ዋንጫ ማንዴላ ባሉበት ወሰደች፤ ነጩ አምበሏና ጥቁር ጓደኞቹ አንድ ማልያ ለብሰው ነበር።