የሱሩ ልጅ አባ ሰላማ



በዚህ ወር የምጽፍላችሁ ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። ስሙን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ አገሩን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። አገሩ እዚሁ ሊባኖስ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጢሮስ የምትባለው ከተማ፣ ዛሬ ከኮላ ሚኒባስ ይዘን በሳይዳ በኩል የምንሄድባት ሱር ናት።

ጊዜው 4ኛው መቶ ዓመት ነው። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ከመምህራቸው ከሜሮጵዮስ ጋር በመርከብ ሩቅ አገር ሄዱ። ሲመለሱ መርከቧ ውሃና ስንቅ ልትይዝ ቀይ ባሕር ዳር ቆመች። የዚያ ሰዎች ከሮማውያን ጋር ተጣልተው ስለነበር ያገኙትን ሁሉ ገደሉ። ልጆቹን ግን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሲያጠኑ አገኟቸውና አዘኑላቸው፤ ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ ሒሳብና መዝገብ ያዘ። እንግዲህ እዩት፣ የሊባኖስ ልጅ በእኛ ንጉሥ ቤት ሠራተኛ ነበረ!

ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጄ እስኪያድግ ቆዩልኝ ብላ ለመነቻቸውና ቆዩ። በዚያ ጊዜ ፍሬምናጦስ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያገኙ አደረገ። እኛ እሑድ እሑድ እንደምንሰበሰበው ማለት ነው። የምድራዊ ንጉሥ ሒሳብ በእጁ ነበር፤ የእግዚአብሔር መንግሥት ግን በገንዘብም በዘርም አይገባባትም፤ ንጉሡም አገልጋዩም የሚገቡት በክርስቶስ በማመን ነው።

ልጁ ሲያድግ ሁለቱም ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ናፍቆ ወደ ሱር ሮጠ፤ ማን ይፈርድበታል? ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ሄዶ ለጳጳሱ ለአትናቴዎስ፣ እዚያ አገር አማኞች አሉና እረኛ ላክላቸው አለው። አትናቴዎስም እሱኑ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይገርመኛል። መንገዱ ተከፍቶለት ነበር፤ እናት አገሩ ቅርብ ነበረች። መምህሩ ወደ ተገደለበት፣ እሱም ተማርኮ ወደ ሠራበት አገር ማንም ሳያስገድደው ተመለሰ። መጀመሪያ ምርኮኛ ሆኖ ነበር የሄደው፤ አሁን የምሥራች ይዞ ሄደ።

ብዙ ሰው አመነ። ንጉሡ ኢዛናም አምኖ፣ በፊት ጨረቃ የነበረበት ገንዘቡ ላይ መስቀል አስቀረጸ። ሕዝባችን ለዚህ ሰው አባ ሰላማ የሚል ስም አወጣለት፤ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 26 ታስበዋለች።

ኤዴስዮስም ሱር ላይ ቄስ ሆነ። ያየውን ሁሉ ሩፊኖስ ለሚባል ጸሐፊ ነገረው፤ እሱም በመጽሐፉ ጽፎ አቆየልን።