የላይቤሪያው ሮበርትስ

የዋሽንግተንንና የናፖሌዎንን ታሪክ በቃላችን የምንወጣ እኛ ተማሪዎች፥ የጆሴፍ ጄንኪንስ ሮበርትስን ስም የምናውቀው ጥቂቶች ነን። በ1809 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ በቨርጂንያ ተወልዶ፥ በ1829 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ላይቤሪያ ተሻገረ። በንግድ ከበረ፤ ኋላም ገዥ ሆነ።

የእንግሊዝ ነጋዴዎች ግን ላይቤሪያ የአንድ ማኅበር ይዞታ እንጂ መንግሥት ስላልሆነች ቀረጥ አንከፍልም አሉ፤ መንግሥታቸውም ደገፋቸው። ስለዚህ በ1847 ነፃነት ታወጀ፤ ሮበርትስም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ለንደን ወርዶ ንግሥት ቪክቶሪያን አነጋገረ። የሚያስደንቀው፥ ቀረጡን እንቢ ያለችው እንግሊዝ ራሷ ነፃነቱን በማወቅ ቀደመች፤ በጦር መርከቧም ወደ አገሩ መለሰችው።

አሜሪካ ግን ዝም አለች። የደቡብ እንደራሴዎች በዋሽንግተን ጥቁር መልእክተኛ ተቀምጦ ማየት አልወደዱም። እነርሱ ከኅብረቱ ከተለዩ በኋላ፥ በ1862 በሊንከን ዘመን ላይቤሪያ ታወቀች፤ 15 ዓመት መሆኑ ነው! ያን ጊዜ ሮበርትስ ሥልጣኑን ለቆ የላይቤሪያ ኮሌጅ ኀላፊ ነበረ።

አንድ ነገር ግን አንሸሽግም። ባሕር ተሻግሮ መታወቅን የለመነው መንግሥት፥ የአገሩን ነባር ሕዝብ እንደ ዜጋ አላወቀም፤ ዜግነት የተሰጣቸው በ1904 ነው። ሮበርትስ ዳግመኛ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1876 በሞንሮቪያ ሞተ።