ዶክተር ዴኒስ በርኪትና የቆላው ነቀርሳ

ዶክተር ዴኒስ በርኪት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. በሰሜናዊ አየርላንድ በኢኒስኪለን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፈርማናህ አውራጃ የመንገድ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የወፎችን እግር በቀለበት እየለዩ የእያንዳንዷን ወፍ ይዞታ በካርታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ልጅየውም የአባታቸውን ሙያ ለመከተል በ1929 በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የምህንድስና ትምህርት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ወደ ሕክምና ተዛውረው በ1935 ተመረቁ። በ11 ዓመታቸው አንድ ዓይናቸውን በድንጋይ ቢያጡም፣ ጉዳታቸው ቀዶ ሐኪም ከመሆን አላገዳቸውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ወደ ኡጋንዳ ሄዱ፤ ጥቂት ቆይተውም በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል ማገልገል ጀመሩ።

በ1957 አንድ ሕፃን መንጋጋው በአራቱም ማዕዘን አብጦ ቀረበላቸው። እብጠቱ ተራ ቁስል ቢሆን ኖሮ በአንድ ወገን ብቻ በታየ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በጂንጃ ከተማ ሌላ ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ አገኙ። በዚህን ጊዜ የሆስፒታሉን የቆዩ መዛግብት ማገላበጥ ያዙ። የመንጋጋ፣ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የእንቁልጢና የምራቅ ዕጢ እብጠት እየተባለ በተለያየ ስም የተመዘገበው ሁሉ በአንድ ዓይነት ሕፃናት ላይ የሚደርስ አንድ በሽታ መሆኑን ተገነዘቡ፤ ይህንንም በ1958 ጽፈው አሳተሙ። ቀጥሎም በካምፓላ የነበሩ የሕብረ ሕዋስ መርማሪዎች በሽታው ሊምፎማ፣ ማለትም ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሚነሣ ነቀርሳ መሆኑን አረጋገጡ።

ይህ ግንዛቤ ለሕሙማኑ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። እብጠቱ በአንድ ስፍራ ተወስኖ የሚቀር ቢሆን ቆርጦ ማውጣት በበቃ ነበር። ነገር ግን ሕዋሳቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ ስለሚባዙና በመላ አካል ስለሚሠራጩ፣ መንጋጋው የተቆረጠለት ልጅ ፊቱ ከመበላሸቱ በቀር ያተረፈው ነገር አልነበረም። በምራቅ ዕጢ ላይ የሚታዩት ሊምፎማዎች ግን ሁሉም እንዲህ ፈጣኖች አይደሉም። ዕጢው ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ቆይቶ የሚነሣው ዓይነት ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ነው። ስለዚህ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ሳይመረመር ሕክምናውን መወሰን አይቻልም።

በርኪት ቀጥለው በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ ጠየቁ። የሕሙማንን ፎቶግራፍ የያዘ መጠይቅ ለአፍሪካ ሆስፒታሎች ላኩ፤ መልሱንም በካርታ ላይ አሰፈሩ። በ1961 ከሁለት ሐኪሞች ጋር በአሮጌ መኪና ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ ለ10 ሳምንታት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከ50 በላይ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። በምድር ወገብ አካባቢ በሽታው ከ1,500 ሜትር በላይ አይታይም ነበር፤ ወደ ደቡብ በተጓዙ ቁጥር ግን ወሰኑ እየወረደ ሄደ። ከዚህም ወሳኙ የቦታው ከፍታ ሳይሆን ሙቀቱና ዝናሙ መሆኑ ተገለጠ። በሽታው የቆላ በሽታ ነበር፤ ካርታውም ወባ ከሚበረታበት ምድር ካርታ ጋር ተቀራረበ።

በዚያው ዓመት በለንደን ባደረጉት ንግግር ላይ የተገኙት አንቶኒ ኤፕስታይን የተባሉ ተመራማሪ ከኡጋንዳ በአውሮፕላን የተላከላቸውን ናሙና ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረው በ1964 በሕዋሳቱ ውስጥ አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ቫይረሱ በምራቅ የሚተላለፍና አብዛኛው የሰው ልጅ ያለ ጉዳት የሚሸከመው ነው። በቆላ ግን ደጋግሞ የሚይዝ ወባ የሕፃኑን የመከላከል ኃይል ስለሚያዛባ ነቀርሳው ስፍራ ያገኛል።

በዚያን ጊዜ በኡጋንዳ የጨረር ሕክምና ስላልነበረ በርኪት ሜቶትሬክሴትና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉትን መድኃኒቶች ሞከሩ። እብጠቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሟሽሽ፣ ከሕፃናቱም አንዳንዶቹ ፈጽመው ሲድኑ ታየ። በዘመናችን የተሟላ ሕክምና በሚገኝባቸው አገሮች ከ10 ሕፃናት 9 ያህሉ ይድናሉ። መድኃኒቱ በሚያጥርበትና ሕፃኑ ዘግይቶ በሚደርስበት የአፍሪካ ገጠር ግን የሚድኑት ቁጥር ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ዶክተር በርኪት በ1966 ወደ ብሪታንያ ተመልሰው በ1993 ዓ.ም. አረፉ። በካምፓላ ሳሉ የነበራቸው መሣሪያ የቆዩ መዛግብት፣ መጠይቅ፣ ካርታና አሮጌ መኪና ነበር። የበሽታው መንስኤ ሊታወቅ የቻለው በዚያ ካርታ ምክንያት ሲሆን፣ በሽታው ዛሬም በስማቸው ይጠራል።