ዮሐን ቪልሄልም ማይገን፤ የዝንብን ክንፍ ያነበበ መምህር

በጥቅምት ወር ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ስንዘዋወር፣ አንድ ረዥም ጠጉራም ዝንብ ከራሱ የማታንስ ንብ በእግሮቹ አቅፎ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ንቧ አትንቀሳቀስም፤ ዝንቡ ግን መውጊያውን በአንገቷ ተክሎ ይመጥጣት ነበር። እንዲህ ያለውን ዝንብ ሊቃውንት ቀማኛ ዝንብ ይሉታል። በባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ከድነን ለሳይንስ መምህራችን ባሳየናቸው ጊዜ፣ ስሙን ከመንገር ይልቅ ክንፉን እንድንመለከት አዘዙን። ከክንፍ ምን ይገኛል ብለን በልባችን ሳቅን። የዝንብ ክንፍ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ መሆኑን ለዓለም ያስተማረውን ሰው ታሪክ የፈለግነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዮሐን ቪልሄልም ማይገን በ1764 በጀርመን አገር ዞሊንገን በምትባል፣ በቢላዋና በሰይፍ ሥራ በታወቀች ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ባለጸጎች አልነበሩም፤ እሱም በከተማው ትምህርት ቤት የቈየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ነገር ግን በቤታቸው ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ የመሬት ቀያሽ ሒሳብና ቁም ጽሕፈት አስተማረው፤ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመታ ሌላ ወዳጃቸውም ሙዚቃና የፈረንሳይ ቋንቋ አስተማረው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። ካደገም በኋላ እንጀራው መምህርነት ሆነ፤ አኬን በምትባለው ከተማ አጠገብ ባለችው በሽቶልበርግ ተቀምጦ የሰው ልጆችን ፈረንሳይኛ፣ ሥዕልና ሙዚቃ እያስተማረ ይኖር ነበር። ዝንብ የሚያጠናው ከዚህ ሥራ በተረፈው ሰዓት ነው።

በዚያ ዘመን ነፍሳትን የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ቢራቢሮንና ጢንዚዛን ነበር፤ ውብ ናቸውና። ዝንብን ማን ይፈልጋል? ታላቁ የስዊድን ሊቅ ሊኔዎስ እንኳ በ1758 ባወጣው መጽሐፍ ሁለት ክንፍ ያላቸውን ነፍሳት ሁሉ፣ ትንኙንም ዝንቡንም፣ በ10 ወገኖች ብቻ ጠቅልሏቸው ነበር። ማይገን የያዛቸውን ዝንቦች በነዚህ 10 ቤቶች ሊያስገባቸው ቢሞክር አልገባ አሉት። ከዚህ በኋላ በማጉያ መነጽር ክንፋቸውን ይመረምር ጀመር። በክንፉ ላይ የተዘረጉት ጅማቶች እንዲሁ በዘፈቀደ የተሠሩ አይደሉም፤ በጠቅላላ አካላቸው የሚመሳሰሉ ዝንቦች በጅማታቸውም አሠራር ይመሳሰላሉ። ማይገን ያገኘው ቁልፍ ይህ ነበር።

በዚያው ጊዜ ፋብሪትሲዩስ የሚባል ዝነኛ ሊቅ ነፍሳትን ሁሉ በአፋቸው አሠራር ብቻ ይከፋፍል ነበር። ማይገን ይህን መንገድ አልተቀበለም። የትንሽ ዝንብ አፍ እንኳን ለተማሪ ለሊቅም በቀላሉ አይታይም፤ ለማየት ሲሉም ዝንቡ ይበላሻል። ስለዚህ አንዱን ብልት ብቻ ከመያዝ ክንፉን፣ አንቴናውን፣ እግሩንና የሰውነቱን ቅርጽ አብሮ ማየት ይሻላል ብሎ ቈረጠ። ዲግሪ የሌለው የገጠር መምህር ከእንዲህ ያለ ሊቅ ጋር አለመስማማቱ ለእኛ ትልቅ ድፍረት ይመስለናል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በቀማኛ ዝንቦች ላይ በደንብ ይታያል። ሊኔዎስ አሲሉስ ብሎ በአንድ ስም ሰብስቧቸው ነበር። ማይገን በ1803 ባሳተመው ጽሑፍ ከነዚሁ ውስጥ ላፍሪያ፣ ዳሲፖጎን፣ ዲዮክትሪያና ሌፕቶጋስተር የሚባሉትን ለየ። ቀማኛ ዝንብ በመጀመሪያ የሚታወቀው በራሱ ነው፤ በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቹ መካከል አናቱ እንደ ሸለቆ ይጐደጕዳል፤ ፊቱም ጢም አለው። ጢሙ የሚይዘው ነፍሳ ሲፈራገጥ ፊቱን ሳይጠብቅለት አይቀርም። ከዚያ በኋላ ወገኑን መለየት ነው። ሌፕቶጋስተር እንደ ስንደዶ የቀጠነ ነው፤ ከጥፍሮቹ ሥር የሌሎቹ ዝንቦች ለስላሳ ንጣፍ የለውም። በላፍሪያና በአሲሉስ ክንፍ ጫፍ አጠገብ፣ በፊተኛው ጠርዝ በኩል ያለችው የጅማት መስኮት ከጠርዙ ሳትደርስ ትዘጋለች፤ በዳሲፖጎንና በዲዮክትሪያ ግን ክፍት ናት። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ እግራቸው ይለያቸዋል፤ ዳሲፖጎን በፊት እግሩ ቅልጥም ጫፍ ላይ ቈልማማ እሾህ አለው። ላፍሪያ ወፍራምና ጠጉራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ንብ ይመስላል፤ አሲሉስ ግን በአንቴናው ጫፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነገር አለው።

እኛ የያዝነውን ዝንብ በጠጉሩ ብዛት ላፍሪያ ነው ብለን ተከራክረን ነበር። መስኮቲቱም ዝግ ሆና ስለተገኘች ያሸነፍን መሰለን። ኋላ ግን በአንቴናው ላይ ክሩ ታየ፤ የአሲሉስ ዘመድ ኖሯል።

ማይገን ከ1818 እስከ 1838 ድረስ፣ ከ54 ዓመቱ እስከ 74 ዓመቱ መሆኑ ነው፣ በአውሮፓ የታወቁትን ሁለት ክንፍ ያላቸውን ነፍሳት የሚገልጽ ባለ 7 ክፍል መጽሐፍ አወጣ። በመጀመሪያው ክፍል አኖፌሌስ የምትባለውን ትንኝ ከሌሎቹ ትንኞች ለይቶ ስም ሰጣት። የሴቲቱ አኖፌሌስ ሁለት የአፍ ዳሳሾች እንደ መውጊያዋ ይረዝማሉ፤ የሌሎቹ ሴት ትንኞች ግን አጭር ናቸው። እሱ ይህን ሲጽፍ ትንኝ በሽታ ታመጣለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የወባ ሕዋስ በእንደዚህች ያለች ትንኝ ሆድ ውስጥ የተገኘው ከ79 ዓመት በኋላ በ1897 ነው። በ1958 በአገራችን ወባ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ በፈጀ ጊዜ፣ የምትፈለገዋ ትንኝ ማይገን የሰየማት ነበረች። ዝንብ ማጥናት ሥራ ፈትነት የሚመስላቸው ዘመዶች ያሏቸው ጓደኞቻችን ይህን ለቤታቸው ቢያነቡላቸው ደስ ይለናል።

ለዚህ ሁሉ ድካም ያገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው። በሽምግልናው ችግር ስለጸናበት፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸውን ዝንቦችና በገዛ እጁ በቀለም የሣላቸውን ሥዕሎች ሸጠ፤ ዝንቦቹም ሥዕሎቹም በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። በመጨረሻ ዘመኑ የቦን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። በ1845 በሽቶልበርግ በ81 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሎቹ በሙሉ ታትመው ለመውጣት እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ቈዩ።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1800 በፈረንሳይኛ በፓሪስ ያሳተማት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ነበረች፤ ለብዙ የዝንብ ወገኖች በ1803 ከሰጣቸው የተለዩ ስሞችን ይዛለች። ተረስታ ኖራ በ1908 አንድ ሊቅ ስሞቹን መልሶ ቢያወጣቸው፣ የዝንብ ሊቃውንት በሁለት ተከፍለው ለአምሳ ዓመት ያህል ተከራከሩ። በ1963 የእንስሳት ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የ1800ዎቹን ስሞች ሻረ፤ ላፍሪያና ዳሲፖጎንም ስማቸውን እንደያዙ ቀሩ።