ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እና የፊታውራሪነት ማዕረግ

የቀድሞ ወታደራዊ ማዕረጎች ትርጉም ከስያሜያቸው ብቻ አይታወቅም። ፊታውራሪ ማለት በሠራዊቱ ፊት ቀድሞ የሚወር፣ የግንባሩን ጦር የሚመራ አዛዥ ማለት ሲሆን፣ በደረጃ ከቀኛዝማችና ከግራዝማች በላይ፣ ከደጃዝማች በታች ነው። ይሁንና ራሶችና ደጃዝማቾችም የየራሳቸው ፊታውራሪ ስለ ነበራቸው፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሹማምንት ሥልጣናቸው እጅግ ይራራቅ ነበር። ስለዚህ በአያት ቅድመ አያቱ ሰነድ ላይ ይህን ማዕረግ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የማን ፊታውራሪ ነበሩ የሚለውን ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ነበሩ። የተወለዱት በጨቦ ነው። በልጅነታቸው በምኒልክ ጦር ተማርከው ወደ ሸዋ ከመጡ በኋላ በአገልግሎታቸው ከፍ ከፍ አሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገበየሁ በዐድዋ ሲወድቁ ማዕረጉ ለእርሳቸው ተሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቦረና የዘመተውን ጦር መሩ። አባ መላ የተባሉት እኚህ ሰው በዳኝነታቸውም ስመ ጥር ነበሩ።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ አዲስ፣ ማዕረጉ ግን የቀድሞው ነበር። በዚህ ማዕረግ ላይ እያሉ፣ በስም ከእርሳቸው በላይ የሆኑ ደጃዝማቾችና ራሶች ቃላቸውን ይጠብቁ ነበር። በማዕረግ ቅደም ተከተል ብቻ ለሚፈርድ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ክብደቱ ግን ከስሙ ይልቅ ከኋላቸው በተሰለፈው ሠራዊት ብዛትና ሹመቱን በሰጠው ዙፋን ላይ ነበር።

ይህ ክብደት በ1909 ዓ.ም. ተፈተነ። መስከረም 17 ቀን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ታላቅ ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ሊገቱአቸው የወጡት ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ከብዙ ሠራዊታቸው ጋር ወደቁ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባን የሚጠብቀው የሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ነበር። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ውጊያ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ።

በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመንም ፊታውራሪው የሀገሪቱ ታላቅ ወታደራዊ ኃይል ባለቤት ሆነው ቆዩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 ዓ.ም. ሲያርፉ ግዛታቸውንና ሠራዊታቸውን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይዘገዩ ተረከቡ።