አልብሬክት ፎን ሀለርና የጣፊያ ደም ቅዳ

ስለ ሆድ ዕቃ አካላት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ የገለጠ ሰው የሀለርን ስም ከአንድ ሥዕል ጋር ተያይዞ ያገኘዋል። ከዐቢዩ ደም ቅዳ፣ ከአኦርታ፣ አንድ አጭር ግንድ ይነሣና ወዲያው በሦስት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ጨጓራ፣ ሁለተኛው ወደ ጉበት፣ ሦስተኛውም ወደ ጣፊያ ያመራል። ይህ አከፋፈል የሀለር ባለ ሦስት እግር ይባላል። ስሙ የተሰጠለት ሊቅ ግን አንድ አስከሬን ብቻ አይቶ መደምደምን አጥብቆ ይቃወም የነበረ መሆኑ እምብዛም አይነገርም።

ሀለር በስዊስ አገር በበርን ከተማ በ1708 እ.ኤ.አ. ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በቱቢንገን ትምህርቱን ጀምሮ ወደ ላይደን በመሻገር በቡርሐቬና በአልቢኑስ ሥር ተማረ፤ በ1727ም የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ድፍረት የተሞላበት ነበር። ኮሽቪትስ የተባለ ፕሮፌሰር አዲስ የምራቅ ቱቦ አገኘሁ ብሎ አሳትሞ ነበርና፣ ገና 19 ዓመት ያልሞላው ወጣት ቱቦ የተባለው የደም ሥር መሆኑን አስረዳ። ከዚያም በፓሪስ ጥቂት ቈይቶ በባዝል ከዮሐን ቤርኑሊ ዘንድ የሒሳብ ትምህርት ቀሰመ። በዚሁ ዘመን ስለ አልፕስ ተራሮች የገጠመው ረጅም ግጥም በ1732 ታትሞ ዝናን አተረፈለት።

በ1736 በአዲሱ የገቲንገን ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ፣ የቀዶ ሕክምናና የዕፅዋት ጥናት መምህር ሆኖ ተሾመ። ከተማይቱ እንደ ገባ ብዙም ሳይቈይ ባለቤቱ ሞተችበት። በዚያው በገቲንገን ለ17 ዓመታት ከ300 በላይ አስከሬን መረመረ። ሥራውም ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር፤ ቀለም የተቀላቀለበትን የቀለጠ ሰም በደም ቅዳው ውስጥ ይሞላል፤ ሰሙ ከረጋ በኋላ በዙሪያው ያለውን ሥጋ በጥንቃቄ እያነሣ ቅርንጫፉን እስከ ጫፉ ይከተላል። ከ1743 እስከ 1756 በስምንት ክፍል ያሳተማቸው ሥዕሎች በአብዛኛው የዚህ ፍሬ ናቸው። ያንኑ ደም ቅዳ በብዙ አስከሬን ላይ ደጋግሞ ያያል፤ አዘውትሮ የሚታየውን መልክ በሥዕል ያቀርባል፤ ከዚያ የወጣውንም በጽሑፉ ያመለክታል። ሥዕሉ እንግዲህ የብዙ አካላት ስምምነት እንጂ የአንዱ አካል ምስል አይደለም። ተከታዮቹ ግን ሥዕሉን ይዘው ማሳሰቢያውን ዘነጉ።

ጣፊያ ለዚህ መዘንጋት ምሕረት የላትም። ደም ቅዳዋ በቆሽት የላይ ጠርዝ እየተጠማዘዘ ይመጣና ወደ አካሏ ከመግባቱ በፊት በአንዱ ሰው ሁለት፣ በሌላው ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል። ከግንዱ አስቀድሞ ተነጥሎ ወደ ላይኛው ጫፍ የሚሄድ ቀጭን ደም ቅዳ ያለበትም ሰው አለ። ሁሉንም አሰርኩ ያለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይህንን ቢስተው ጣፊያውን ሲያነሣ ደም ይፈስበታል።

ሀለር በ1753 ወደ በርን ተመለሰ። ለዚያ ሁሉ ዝና የተሰጠው የከተማ ሹመት ዝቅተኛ ነበር። ከ1758 እስከ 1764 ደግሞ በሮሽ የጨው ማምረቻውን አስተዳደረ። ይህ ወቅት በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ መታለፍ ግን አይገባውም ነበር። ጨዋማውን ውሃ በማገዶ ብቻ ሳይሆን በፀሐይ ሙቀት ለማትነን ሙከራ አድርጓል፤ ስለ ማምረቻውም ጽፎ አሳትሟል። በ1757 የጀመረውን ባለ ስምንት ቅጽ የፊዚዮሎጂ መጽሐፉንም በዚሁ ሥራ መካከል እየጻፈ በ1766 ፈጸመው። በመጨረሻ ዘመኑ ከሕመሙ ሥቃይ የተነሣ በኦፒየም ሱስ ተይዞ ነበር፤ መድኃኒቱ በራሱ አካል ላይ ያደረሰውን ለውጥ እንኳ መዝግቧል። በታኅሣሥ 1777 በበርን ዐረፈ።

በ1942 ኒኮላስ ሚሼልስ የተባለ አሜሪካዊ የአናቶሚ ሊቅ 100 ጣፊያዎችን በዚያው በትዕግሥት መንገድ መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በ70ዎቹ ደም ቅዳው ራቅ ብሎ ተከፍሎ ብዙ ቅርንጫፎች ተበታትነው ይገባሉ፤ በ30ዎቹ ግን ግንዱ እስከ ጣፊያው በር ድረስ ሳይከፈል ይደርሳል። ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ጣፊያዎች ግን ከመቶው መካከል አላገኘም።